ጾም የማይፈታ ተን

ደብረወርቅ የአባቷን ድምፅ ከሞንታርቦ ውስጥ ስትሰማ ለአንዲት አሮጊት የደም ግፊት ክኒን እየቆጠረች ነበር። መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም፤ በመካነ ሰላም ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጮኸው ብዙ ነው፤ የአይጥ መርዝ ሻጩም፣ የሎተሪ አዟሪውም፣ የአሮጌ ልብስ ነጋዴውም ድምፅ ማጉያ አለው። ድምፁ ግን ደገመ። «ቄስ ወልደሩፋኤል እባላለሁ፤ የአፋፉ ጊዮርጊስ አገልጋይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ትንፋሽ ሲያጥረኝ ኖርኩ። ይህንን የዕፅዋት ተን ከሳብኩ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኛለሁ። መድኃኒቱንም ትቻለሁ።» ወዲያው አንድ የጎረምሳ ድምፅ ተቀበለው፤ «ሰማችሁ ወገኖቼ! ቄስ ናቸው የመሰከሩት! ኬሚካል የለው! ጭስ የለው! ሱስ የለው! ጾም አይፈታም!» ደብረወርቅ ቁጥሩ ጠፋባት። አሮጊቷ በመደርደሪያው መስታወት ላይ ተጠግተው፣ «ምነው ልጄ፣ ጎደለ እንዴ?» አሏት። «አልጎደለም እናቴ» አለችና ክኒኑን እንደገና ከአንድ ጀመረች። ሠላሳ እስክትደርስ አባቷ ሁለት ጊዜ ዳኑ።

መድኃኒት ቤቱን ለረዳቷ ትታ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች። የሁዳዴ አጋማሽ ነው፤ ከእህል ተራው የሚነሳው አቧራ የሰውን ቅንድብ ሁሉ አንድ ቀለም አድርጎታል። ሻጩ መኪናውን በጤፉና በሽንብራው መሀል አቁሞ የኋላ በሩን ከፍቷል። በበሩ ላይ የተንጠለጠለው ሸራ አንዲት ፈረንጅ ቅጠል አሽትታ ስትስቅ ያሳያል፤ ከሥሯ የበሽታዎች ዝርዝር ተጽፏል፤ አስም፣ ሳይነስ፣ የሳንባ ምች፣ ማንኮራፋት፣ ጭንቀት፣ ከሁሉ መጨረሻ ደግሞ «ሌሎችም» ይላል። ደብረወርቅን ከሁሉ ያናደዳት ይህ «ሌሎችም» ነው። አምስት ዓመት ጎንደር ተምራ ለአንድ ክኒን አንድ በሽታ፣ ለአንድ በሽታ አንድ መጠን ስትል የኖረች ሴት፣ በአንዲት ቃል የሰው ልጅ የሚታመመውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚሸጥ ጎረምሳ ፊት ቆመች። ጎረምሳውም ነጭ ጋውን ለብሷል። የእሷ ከታጠበ ሦስት ቀኑ ነው፤ የእሱ ከፋብሪካ የወጣበት እጥፋት እንኳ አልተፈታም።

«እህቴ፣ ለማን ነው? ለራስሽ ነው ለቤተሰብ?» አላት። ስሙ አሳምነው መሆኑ ደረቱ ላይ በተለጠፈው ካርድ ተጽፏል፤ ከስሙ በፊት «አማካሪ» ይላል።

«ጾም አይፈታም ያለህ ማነው?»

«እሳቸው ናቸዋ! ድምፃቸውን አልሰማሽም? እኔ ማን ነኝና ስለ ጾም የማወራው፤ ቄስ ናቸው።»

«ቄሱ አባቴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከአንተ ነው የሰሙት። ስለ መድኃኒት የምታውቀውን ንገረኝ እስቲ፤ አስም ምንድነው?»

በዙሪያው የቆመው ሰው ሳቅ አለ፤ አንዱ ገበሬ «ፈተና መጣብህ!» አለው። አሳምነው አልተቆጣም። ይህ ነው ችግሩ፤ የሚቆጣ ቢሆን ኖሮ ታሸንፈው ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ «ውይ፣ የአባታችን ልጅ ነሽ! ለሳቸው ሁለት እሽግ በነፃ ነው የሰጠኋቸው፤ ለምስክርነታቸው አምስት ሳንቲም አልጠየቁኝም። ንጹሕ ሰው ናቸው» አላት። ቅጂውን እንዲያጠፋ ስትነግረው ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ድምፁ የሳቸው ነው። ይጥፋ ካሉ ይደውሉልኝ፤ እዚሁ ፊትሽ አጠፋዋለሁ። አንቺ ግን አልመሰከርሽም፤ ምን ብዬ ላጥፋልሽ? ነገ ወግዲ ነኝ፤ ሌሎቹ ልጆችም ድምፁን ይዘው ደጎሎ ገብተዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቤተሰብ ቅናሽ አለ» አለ። አንድ ሺሕ ስምንት መቶ ብር ነው፤ ከሦስት እሽግ ቅጠል ጋር። አንድ ገዛች። ቅናሹን አልተቀበለችም።

በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ በካርቶኖቹ መሀል ቁጭ ብላ ዕቃውን ፈታችው። የመዳፍ ያህል ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ወገን አፍ የሚገጠምበት ጫፍ፣ መሀሉ ላይ ቅጠሉ የሚጨመርበት የብረት ጽዋ፣ ከሥሩ የሚግል ሽቦ። ቅጠሉ የደቀቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጤና አዳምም አለበት፤ ሌላው ደግሞ ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም፣ በማሸጊያውም አልተጻፈም፤ «ልዩ ዕፅዋት» ይላል። በመሀሉ እንደ ጨው የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር አገኘችና አሸተተችው፤ ሜንቶል ነው። ሁሉም ነገር በዚህ ገባት። ሜንቶል ጉሮሮን ያቀዘቅዛል፤ ጉሮሮ ሲቀዘቅዝ ሰው አየር የገባለት ይመስለዋል፤ የጠበበው የሳንባ ቱቦ ግን የክር ያህል እንኳ አይሰፋም። ከዚያ አበራችው። ካርቶኑ «አይቃጠልም፤ ይተናል እንጂ አይጨስም» ይላል። አፉ ላይ ንጹሕ ጥጥ ይዛ አምስት ደቂቃ ቆየች፤ ጥጡ የሻይ ቀለም ያዘ፤ ጽዋውን ስትከፍተው የታችኛው ቅጠል ከሰል ሆኗል። በመጨረሻ ማኅተም የተደረገበትን ወረቀት ዘረጋች፤ «ዓለም አቀፍ የደኅንነት ማረጋገጫ» እየተባለ በሞንታርቦ የሚለፈፍለት እሱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። የተመረመረው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሸጠው ቻርጀር ብቻ ነው። ቻርጀሩ ሰውን ኤሌክትሪክ አያስይዝም፤ ይኸው ነው ማረጋገጫው። ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ተኑ፣ ስለ ሰው ሳንባ አንድ ቃል የለም። ተኑ በዓመት በሁለት ዓመት ምን እንደሚያደርስ እሷም አታውቅም፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። የሚያውቅ ሰው ግን የለም፤ ሻጩም፣ ወረቀቱም፣ ፈረንጇም አያውቁም። ከነዚህ ሁሉ «አላውቅም» ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ በገበያው ፊት ተሸናፊዋ እሷ ናት።

አቶ ቸኮል የመድኃኒትና የምግብ ቁጥጥር ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮ አልነበረም፤ ቤቱ ሄዳ በግቢው ውስጥ ሞተሩን ሲያጥብ አገኘችው። ጥጡን፣ ከሰሉን፣ ወረቀቱን በባልዲው አጠገብ ድንጋይ ላይ ደረደረችለት። እጁን በሱሪው ጠርጎ አንድ በአንድ አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሸጠን ነጋዴ ሱቅ ሳያመነታ ሲያሽግ እሷው ራሷ አይታለች።

«መድኃኒት ተብሎ ተመዝግቧል?» አላት።

«አልተመዘገበም! እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«እንግዲህ መድኃኒት ካልሆነ እኔ ጋ አይደለም። ምግብ ነው እንዳንልም አይበላም። የንግድ ቢሮ ሰዎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብለው ነው ፈቃድ የሰጡት፤ እንደ ስልክ ቻርጀር።»

«አስም ያድናል እያለ ነው እኮ ጋሽ ቸኮል! ቻርጀር አስም ያድናል ብሎ የሚለፍፍ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀና ጨርቁን ጨመቀ። ጎጂ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ ሲላት፣ ደህና ለመሆኑስ ምን ማስረጃ አለ አለችው፤ እሱም «የከሳሽ ነው ማስረጃ ማምጣት» አለ። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። የሚሸጠው ሰው ምንም እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ የሚያስቆመው ሰው ግን ሁሉን ነገር አስረድቶ፣ ላብራቶሪ አቁሞ፣ ሬሳ ተሸክሞ እንዲመጣ ይጠበቃል። ይህን በዚሁ ቃል ነገረችው፤ ጎረቤቶቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እስኪያወጡ ድረስ። ቸኮል ጎማውን ማጠብ ቀጠለ። «ጥሩ፤ የተጎዳ ሰው አምጪልኝ። ተጎዳሁ ብሎ ስሙን ጽፎ ይፈርም። እምልልሻለሁ፣ ዛሬውኑ መኪናውን አስቆመዋለሁ።»

«አባቴ።»

«የሞንታርቦው ቄስ?» ጨርቁን አስቀመጠ። «ድኛለሁ እያሉ እኮ ነው። አብሽሪ እህቴ፤ ቀድመሽ እሳቸውን አሳምኚ።»

ስለዚህ ሁለቱም በሮች ወደ አንድ ሰው ወሰዷት። ቅጂውን የሚያጠፉት እሳቸው፣ ክሱን የሚፈርሙት እሳቸው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ በባጃጅ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ አይገባም፤ ሸለቆውን አቋርጦ ሩብ ሰዓት በእግር ነው። እየሄደች ያሰበችው ስለ አሳምነው ሳይሆን ስለ አባቷ ደረት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ የሚስቧትን ቡናማዋን ፓፍ፣ አስሙን የምትከላከለውን፣ ከየትም ብላ ስትልክላቸው ኖራለች፤ ሰማያዊዋ ደግሞ ትንፋሽ ሲጠፋ ብቻ የምትሳብ ናት። ለቅዳሴ በሚገቡበት ቀን ከእኩለ ሌሊት ወዲህ በአፋቸው ምንም ስለማይገባ፣ የጠዋቷን ትተው የማታዋን እንዲያበረቱ ያስተካከለችው እሷ ናት። ግን አንዳንድ ቀን በቅዳሴ መሀል ሳል ይነሳል፤ ሰማያዊዋን መሳብ ደግሞ ጾም መፍታት ስለሆነ አይሆንም፤ ደብሩ ያለው ቄስ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። አሳምነው የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሽታ ብቻ ነው አባታችን፤ የሚዋጥ የለው፤ እንደ ዕጣን ነው አላቸው። ሳቡት። በማግሥቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስሉ ቀደሱ።

እናቷ ወለተ ሥላሴ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ሲያዩዋት ተነሥተው ሳሟትና ተመልሰው ምስራቸውን ያዙ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የግድግዳው ጭቃ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ተሸፍኗል፤ አባቷ በመስኮቱ በኩል በአጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ከጎናቸው፣ ከሶላሩ ገመድ ጋር ተያይዞ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አብርቷል። ደብረወርቅ ጉልበታቸውን ስማ ስትጠጋ ትንፋሻቸውን ሰማችው፤ ሲወጣ ያፏጫል። ትከሻቸው ከደረታቸው ጋር አብሮ ይነሣል።

«በገበያው ሰማሽኝ?» አሏት።

«ሰማሁዎት አባባ።»

«ድምፄ እንዴት ነው?»

«ያምራል።»

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀችና የትንፋሽ መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አሮጌ ልምዳቸው ስለሆነ ሳይጠየቁ ተቀበሏት። ሦስት ጊዜ ነፉ። ለገና ሦስት መቶ አሥር ነበር። ዛሬ መቶ ሰባ፣ መቶ ስድሳ፣ መቶ ስድሳ። ቁጥሩን ስትነግራቸው እናቷ ምስሩን መልቀም አቆሙ። ከዚያ ተነሥተው ከሳጥኑ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡና በልጃቸው ጭን ላይ አስቀምጠው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ቦታቸው ሄዱ። ቡናማዋ ፓፍ ናት። ደብረወርቅ ነቀነቀቻት፤ ሙሉ ናት። ባለፈው ወር የላከቻት ናት።

«አባባ፣ ማታ ቢስቧት ለቅዳሴ አያግድዎትም። ስንት ጊዜ ተነጋግረናል።»

«አውቃለሁ። የሷ ነገር አይደለም።»

«ታዲያ የምን ነገር ነው?»

«መድኃኒቱን ትቻለሁ ብያለሁ፤ በሰው ፊት። ያንን ብዬ በጓዳ ብስብ ምን እባላለሁ?»

«በሽተኛ ይባላሉ።»

«ሐሰተኛ ነው የምባል።»

በዚህ አገር በጸበል የዳነ ሰው ቆሞ ይመሰክራል፤ ያልመሰከረ፣ የተደረገለትን የደበቀ፣ ሕመሙ ይመለስበታል ይባላል። ቄስ ወልደሩፋኤል ለስንት ሰው ይህን ብለዋል፤ ስንቱን አፋር ገበሬ እጁን ይዘው ከሕዝብ ፊት አቁመዋል። ስለዚህ ያን ጠዋት ሳይስሉ ቀድሰው ሲወጡ፣ ጎረምሳው ስልኩን ሲዘረጋላቸው፣ አንዲት ደቂቃ አላመነቱም። ለእሳቸው ያ ስልክ የሻጭ ስልክ አልነበረም። ደብረወርቅ ይህን አሁን ነው ያየችው፤ ንዴቷም የሚያርፍበት አጣ። አባቷ አልተገዙም፤ ገንዘብ አልፈለጉም፤ አልዋሹም። ሻጮቹ ከገበያው ሁሉ ታማኝ የሆነውን ሰው መርጠው ነው የሸጡት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ቡናማዋ ፓፍ ዛሬ ተስባ ዛሬ የምታልቅ አይደለችም፤ ቢተዋትም ሳንባ ውስጥ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሥራዋን ትሠራለች። ያን ቀን ሳይስሉ እንዲቀድሱ ያደረገችዎት እሷ ናት፤ ተኑ ጉሮሮዎን ነው ያቀዘቀዘው፤ አሁን እሷ ከሳንባዎ አልቃለች፤ ቁጥሩ የወረደው ለዚህ ነው። ምስጋናውን ለተሳሳተ ዕቃ ሰጡት እንጂ ማመስገንዎ አልተሳሳተም አለቻቸው። አባቷ ዳዊቱን ዘጉት፤ እንደገና ከፈቱት። ወለተ ሥላሴ ባዶ ሰፌድ ይዘው እያንጓለሉ ነው፤ ምስሩ ካለቀ ቆይቷል። በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ነገር እንዲህ በዝምታ ተወስኖ ያውቃል፤ ደብረወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው ወደ እሷ ሲያጋድል ተሰማት፤ አባቷ እጃቸውን ወደ ፓፏ ግማሽ መንገድ ዘረጉ።

«ቤቶች!» አለ አንድ ድምፅ ከደጅ። በዛች ናት፤ ከታችኛው መንደር፣ የአቶ ያለው ሚስት። የንስሐ ልጃቸው ናት። ጎንበስ ብላ ገባችና መስቀል ተሳለመች፤ እንደ ሮጠ ሰው ታለከልካለች። የቄሱ እጅ ከፓፏ ተመልሶ በመስቀሉ ላይ አረፈ።

«ኧረ ልሂድ፣ ባጃጁ ሊሞላ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ባሌ ያለው ይኸው ወሩ፣ ሲስል ነው የሚያድር። ላብ በላብ ይሆናል። እህል አልሄድለት ብሎ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጥብቋል። አንዲት በግ ነበረችኝ፤ ሸጥኳት። ያንን የርስዎን ተን ልገዛለት ነው። እንደው እግረ መንገዴን በአፍዎ ይንገሩኝ ብዬ ነው፤ በሞንታርቦ የሰማሁት እውነት ነው አባታችን?»

«በዛች፣ እንዳትገዢው» አለች ደብረወርቅ። «ወሩን ሙሉ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ይህ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ አክታው ይታይ። ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ቲቢ ከሆነ አንቺንም ልጆቹንም ይይዛል።» ሁሉም ትክክል ነበር፤ አንድ የጎደለ ቃል አልነበረም። በዛች በአክብሮት ሰማቻት፤ «እሺ፣ መርሐባ እህቴ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከቄሱ አላነሣችም። ሥልጡን የከተማ ልጅ የመድኃኒት ቤቷን ዕቃ ነው የምትሸጠው፤ ይህ በበዛች ፊት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያውም ያለ ምንም ክፋት።

ቄስ ወልደሩፋኤል ቀና አሉ። ልጃቸውን አዩ፤ ፓፏን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ። ደብረወርቅ ምን ሊሉ እንደሆነ ከዓይናቸው አወቀችው። «ልጄ» አሉ፤ አየር ፈለጉ። «ድኛለሁ ብዬ ነበር» አሉ፤ ቀጥሎ አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ሳሉ ከሥር ጀምሮ ገነጣጠላቸው፤ አንገታቸው ተወጠረ፣ ከንፈራቸው ጠየመ፤ በአንድ እጃቸው መደቡን ይዘው በሌላው ወደ በዛች ጠብቂ እንደ ማለት ዘረጉ። በዛች ተንበርክካ ያችን የተዘረጋች እጅ ሳመች። «ይበቃኛል አባታችን፤ አይድከሙ፤ አቧራው ነው ዘንድሮ፣ ሁሉን ያስላል» አለችና ተነሥታ ወጣች።

«በዛች! ቆይ!» አለች ደብረወርቅ፤ መነሣት ግን አልቻለችም፤ አባቷ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለውባት ነበር። ሰማያዊዋን ከቦርሳዋ ፈልጋ፣ ነቅንቃ፣ በከንፈራቸው መሀል አስገባች። አልተከላከሏትም። አንድ፤ ያዙት፤ ያዙት፤ አሁን ያስወጡ። ሁለት። እናቷ ከጀርባ ደግፈው ያዟቸው። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሄደ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀጠነ፤ ትከሻቸው ወረደ፤ ወደ ከንፈራቸው ደም ተመለሰ። የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ ያንን ያቋረጡትን ነገር፣ ለበዛች የጀመሩትን፣ በጠራ የቅዳሴ ድምፃቸው ጨረሱት።

«ግን አልዳንኩም» አሉ። በሩን አዩ። «ጥሪያት!»

ደብረወርቅ ግቢውን ተሻግራ፣ አጥሩን ዘልላ እስከ አፋፉ ጫፍ ሮጠች። በዛች ከሸለቆው ወዲያ ማዶ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ደርሳለች፤ የቆመው አንድ ባጃጅ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቷል። ደብረወርቅ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስሟን ጠራች፤ ደግማ ጠራች፤ ነፋሱ ወደ ኋላ መለሰባት። ሁለቱንም እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ አወናጨፈች። በዛች ዞር ብላ አየቻት። የሚሸኟት መስሏት እጇን አውለበለበችና ጎንበስ ብላ ባጃጁ ውስጥ ገባች።